የመግቢያ በርን ቀለም ማደስ

ከቤት አካል ሁሉ የመግቢያ በርን ያህል የሚንገላታ የለም። ግድግዳ አንዴ ከተቀባ የሚነካው ጥቂት ነው። በር ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በእጅ ይገፋል፣ በእግር ይመታል፣ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ ይፈትገዋል። አንዱ ፊቱ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ሌላው ፊቱ ከቤቱ አየር ጋር ይውላል። እንጨት ከሆነ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብረት ከሆነ ቀን ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። ላዩ ላይ ያለው ቀለም ከዚህ ሁሉ ጋር እኩል መንቀሳቀስ አለበት። የሁለት እጅ ቀለም ውፍረት ደግሞ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አስረኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

የበርን ቀለም ማደስ ግድግዳ ከመቀባት የተለየ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው። በሩ በዓመቱ ሲላጥ ሰው በቀለሙ ጥራት ያመካኛል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሥር ባልተዘጋጀው ገጽና ማንም በማያያቸው ጠርዞች ላይ ነው።

የቀለሙ ዓይነት

ማንኛውም የበር ቀለም በመሠረቱ ሦስት ነገር ይይዛል፦ መልኩን የሚሰጠው ዱቄት፣ ዱቄቱን እርስ በርሱና ከገጹ ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ፣ ሁለቱንም ለመቀባት እንዲመቹ የሚያቀጥናቸው ፈሳሽ። ፈሳሹ ተንኖ ይሄዳል፤ በሩ ላይ የሚቀረው ዱቄቱና ማያያዣው ነው። የዘይት ቀለምና የውሃ ቀለም የሚለያዩትም በማያያዣቸው ነው።

በድሮው የዘይት ቀለም ማያያዣው የተልባ ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ ወዲህ አልኪድ የተባለው ሰው ሠራሽ ማያያዣ ቦታውን ያዘ። የሁለቱም አደራረቅ ይመሳሰላል፦ መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተንናል፣ ከዚያ ማያያዣው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። መጠንከሩ ቀለሙ ደርቋል ከተባለ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል። አዲስ ሳለ የብሩሽን ፈለግ ደብቆ እንደ መስታወት የሚተኛው የዘይት ቀለም ሲያረጅ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው፤ ከሥሩ እንጨቱ ሲያብጥ አብሮ መለጠጥ ያቅተዋል። ነጩ የዘይት ቀለም ደግሞ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

አክሪሊክ የተባለው የውሃ ቀለም ለቤት በስፋት መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። በውሃው ውስጥ የተበተኑት ጥቃቅን ቅንጣቶች ውሃው ሲተን እየተጠጋጉ ይዋሃዱና ወጥ ሽፋን ይሆናሉ። ሽፋኑ ተለጣጭነቱን አያጣም፣ ቢጫ አይሆንም፣ ሽታው ቀላል ነው፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። ድክመቱ ብርድ አለመውደዱ ነው፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ አብዛኞቹ የአክሪሊክ ቀለሞች ቅንጣቶቻቸው በቅጡ ሳይዋሃዱ ይደርቃሉ፣ ሽፋኑም ልፍስፍስ ይሆናል።

ዝናብና ፀሐይ ለሚያገኘው የእንጨት በር እኔ የምመርጠው ለውጭ በርና መስኮት ተብሎ የተሠራ አክሪሊክ ነው። ለግድግዳ የተሠራ የውሃ ቀለም ግን ምንም ያህል ቢያምር በር ላይ መዋል የለበትም። እጅ ሲበዛበት ይቆሽሻል፣ ሲታጠብ ይለቃል፣ መቃኑም ላይ ይጣበቃል።

መልክ መምረጥ የባለቤቱ ፈንታ ቢሆንም ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ቀይ አፈርማና ቡናማ መልኮች ፀሐይን በደንብ ይቋቋማሉ፤ ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ከሚሰጡት ዱቄቶች ብዙዎቹ ግን ቶሎ ይደበዝዛሉ። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ስለሚችል የእንጨቱ መገጣጠሚያ እየተከፈተ ይሄዳል። ፀሐይ በሚያገኘው በር ላይ ፈካ ያለ መልክ ዕድሜ ይጨምራል። ግሎስ የተባለው አንጸባራቂ ቀለምና ከፊል ግሎስ ለማጽዳት ይመቻሉ፤ ማት የተባለው የማያንጸባርቅ ቀለም የእጅ አሻራ ይይዛል። ግሎስ ግን ከሥሩ ያለውን እያንዳንዱን ጉድጓድና እብጠት ያጎላል።

አሮጌውን ቀለም መመርመር

ብሩሽ ከማንሳት በፊት በሩ ላይ ያለው ቀለም ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደያዘ መታወቅ አለበት። አዲሱ ቀለም የሚይዘው አሮጌው በያዘው መጠን ብቻ ነው፤ አሮጌው ሲለቅ አዲሱንም ይዞት ይወድቃል።

የመጀመሪያው ምርመራ በመዳፍ ነው። ደረቅ እጅ በሩ ላይ ሲዳበስ ነጭ ወይም የቀለሙን መልክ የያዘ ዱቄት ካወጣ ፀሐይ ማያያዣውን በልታዋለች ማለት ነው፤ ያ ዱቄት ሙልጭ ብሎ እስኪጠፋ መታጠብ አለበት። ሁለተኛው በስለትና በፕላስተር ነው። በማይታይ ጥግ ላይ በስለት እስከ እንጨቱ ወይም እስከ ብረቱ የሚደርስ የመስቀል ምልክት ይሠራል፣ ጥሩ የሚያጣብቅ ፕላስተር በጥፍር ጥብቅ ተደርጎ ይለጠፍበታል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይነጠቃል። ፕላስተሩ ባዶውን ከተነሳ አሮጌው ቀለም መሠረት ሊሆን ይችላል። ከመስቀሉ ጠርዝ ቅርፊት ይዞ ከመጣ ግን ያ ቀለም መፋቅ አለበት፤ በላዩ መቀባት ልፋትና ቀለም ማባከን ነው።

ሦስተኛው ዓይነቱን መለየት ነው። በአልኮል የራሰ ጥጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲፈተግበት ቀለሙ ለስልሶ ጥጡን ካቀለመው የውሃ ቀለም ነው፤ ካልነካው የዘይት ቀለም ነው። ልዩነቱ የሚጠቅመው የማይስማሙ ንብርብሮች እንዳይደራረቡ ነው። በዘይት ቀለም ላይ አክሪሊክ መቀባት ይቻላል፤ ግን የዘይቱ አንጸባራቂነት በብርጭቆ ወረቀት ተነስቶ የሚያጣብቅ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት፣ መቀባት አለበት። በተለጣጭ የውሃ ቀለም ላይ ጠንካራ የዘይት ቀለም መደረብ ግን አይመከርም፤ ከሥር ያለው ሲንቀሳቀስ ከላይ ያለው ይሰነጠቃል።

በሩ በጣም ያረጀ ከሆነ እርሳስ የተባለው ማዕድን መታሰብ አለበት። ነጭ እርሳስ በነጭና በፈካ የዘይት ቀለም ውስጥ ለረጅም ዘመን ዋናው ዱቄት ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ተክቶታል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1921 ነጭ እርሳስ በቀለም ሥራ ላይ እንዳይውል የሚገድብ ስምምነት አጽድቋል፤ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ቀለም ከለከለችው። አሁን ለአገሮች የሚመከረው ጣሪያ ከሚሊዮን 90 ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል፤ ይበልጥ የሚጎዱትም ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፈገፈግም፣ በእሳትም አይቃጠልም። ገጹን እያረጠቡ መፈግፈግ፣ ለብናኝ የሚሆን ጭምብል ማድረግ፣ ከሥር ፕላስቲክ አንጥፎ ብናኙን መሰብሰብና ልጆችን ማራቅ ያስፈልጋል።

ገጹን ማዘጋጀት

እጀታው፣ የቁልፉ ሽፋንና ደወሉ ይፈታሉ። በወረቀት ፕላስተር ዙሪያቸውን ሸፍኖ መቀባት ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ከብረቱ ጋር ይያያዝና እጀታው በተወዛወዘ ቁጥር ከዚያ ጀምሮ ይላጣል። ማጠፊያው ላይ ቀለም መንካት የለበትም። ቀለም የገባበት ማጠፊያ ይጠብቃል፤ በሩም በትክክል አይገጥምም።

ከዚያ መታጠብ ነው። በእጀታው አካባቢ ለዓመታት የተከማቸ የእጅ ቅባት ይኖራል፤ ሳይታጠብ ከተፈገፈገ ቅባቱ ወደ ገጹ ይሰረጋል። በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹህ ውሃ ተለቅልቆ፣ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት።

ለመፋቅ 80 ወይም 100 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ አንጸባራቂነቱን ለማንሳት 120 ወይም 150፣ በሁለት እጅ ቀለም መካከል ደግሞ 220 ወይም 240 ይበቃል። እንጨት ሁልጊዜ በጭረቱ አቅጣጫ ይፈገፈጋል። የተላጠው ቦታ ዳር ጣት ሲያልፍበት ደረጃ እስከማይሰማው ድረስ መለስለስ አለበት፤ ጣት የሚሰማውን ደረጃ ግሎስ ቀለም ያሳየዋል። ጉድጓድና ስንጥቅ በስፓቱላ በስቱኮ ይሞላል፤ ለውጭ በር ውሃ የሚችል ስቱኮ ያስፈልጋል። ስቱኮ የተሞላበትና ባዶ እንጨቱ የወጣበት ቦታ ፕራይመር ካልተቀባ ቀለሙን ጠጥቶ እንደ ጠባሳ ደብዝዞ ይቀራል። ሙጫ የሚያወጣ ጉጥ ካለ ሼላክ በተባለ ማሸጊያ ቫርኒሽ ይታሸጋል፤ አለበለዚያ ቡናማው ምልክት በየትኛውም ቀለም ውስጥ ሰርጎ ይወጣል።

የላሜራ በር ዝገቱ በብረት ብሩሽ እስከ ንጹህ ብረት ይነሳል፣ ሳይውል ሳያድር አንቲረስት የተባለው ዝገት መከላከያ ይቀባል። ዚንክ የተለበጠ አዲስ ላሜራ ግን ለብቻው መታየት አለበት። የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀባበት ማያያዣው ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ በመካከል ሳሙና መሰል ንብርብር ይሠራል፤ ወራት ቆይቶ ቀለሙ በትልልቅ ቅርፊት ይነሳል። ለዚህ የሚሆነው ለዚንክ ልባጥ የተሠራ ፕራይመር ነው።

አቀባቡ

የሚመቸው ቀን ሙቀቱ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ፣ አየሩ ደረቅ፣ በሩም ጥላ ውስጥ ሲሆን ነው። በጋለ በር ላይ የተቀባ ቀለም ከላዩ ቶሎ ይይዛል፣ ከሥሩ የታፈነው ፈሳሽ ሲተን ያሳብጠዋል። ሥራው ጠዋት ቢጀመር በሩ ማታ ለመዘጋት ጊዜ ያገኛል።

0.9 በ2.1 ሜትር የሆነ በር አንዱ ፊቱ 1.9 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ከሆነ ለአንዱ ፊት ሁለት እጅ፣ ጠርዞቹም ተጨምረው፣ ግማሽ ሊትር ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚጠጣ ከሆነ ቀለሙ እየወፈረ ነው፣ ወይም ፕራይመሩ በቂ አልነበረም።

ሰሌዳ የገባበት በር የሚቀባው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፦ በቅድሚያ ክፈፎቹ፣ ከዚያ ሰሌዳዎቹ፣ የመካከሉ ቋሚ፣ አግዳሚዎቹ፣ በመጨረሻ የዳርና ዳሩ ቋሚዎች። ክፈፉ ጥግ ላይ የተከማቸ ቀለም ደቂቃዎች ቆይቶ መውረድ ስለሚጀምር ወደ ኋላ እየተመለሱ ማየት ያስፈልጋል። ለጥ ያለ በር በስፖንጅ ሩሎ ተቀብቶ፣ ገና እርጥብ ሳለ በብሩሽ ጫፍ ከላይ እስከ ታች በቀላሉ ይዳሰሳል። የሚቀጥለው ክፍል የሚጀመረው ያለፈው ዳር ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ መገጣጠሚያው መስመር ሆኖ ይቀራል። መያዝ በጀመረ ቀለም ላይ ብሩሽ መመለስ ደግሞ የበለጠ ያበላሸዋል።

ቀጭን ሁለት እጅ ከወፍራም አንድ እጅ ይሻላል። በተለይ የዘይት ቀለም ሲወፍር ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ ይጨማደዳል። የውስጡና የውጩ መልክ የተለያየ ከሆነ የቁልፉ በኩል ያለው ጠርዝ በሩ የሚከፈትበትን ክፍል መልክ ይይዛል፤ የማጠፊያው በኩል ያለው የሌላውን ፊት።

ብዙዎች የሚዘሉትን የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ አጥብቄ አሳስባለሁ። በእንጨት በር ላይ የቋሚዎቹ የተቆረጠ ጫፍ የሚወጣው እዚያ ነው፤ የእንጨቱ ቱቦዎችም ክፍት የሚሆኑት በዚያ በኩል ነው። ደፉ ላይ የተኛ የዝናብ ውሃ በታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ይሳባል፣ እንጨቱን ያሳብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው በእንፋሎት መልክ መውጫ ይፈልግና ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል። የበሩ የታችኛው ክፍል ብቻ እየነፋ የሚላጥበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ፊቱን ደጋግሞ መቀባትም አይፈታውም። በሩ ከማጠፊያው ሲወርድ ጫፎቹ ፕራይመርና ሁለት እጅ ቀለም ማግኘት አለባቸው። ማውረድ ካልተቻለ ቀለም የነከረ ቁራጭ ምንጣፍ በሥሩ አሾልኮ ወዲያና ወዲህ መሳብ ይቻላል። የላይኛው መቀባቱን ለማወቅ መሰላል ወይም ትንሽ መስታወት ይበቃል።

መድረቅና መጠንከር

ሲነኩት አለመለጠፉ መጠንከሩን አያሳይም። አክሪሊክ በአንድ ሰዓት ገደማ እጅ ላይ መያዝ ያቆማል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁለተኛ እጅ ይቀበላል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው። የዘይት ቀለም ለሁለተኛ እጅ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል። በእነዚያ ሳምንታት በሩ መቃኑንና የላስቲክ ማተሚያውን ሲጫን ሁለቱ ይያያዛሉ፣ ጠዋት ሲከፈትም ቀለሙ ተቦጭቆ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሰም የተቀባ ወረቀት በመካከላቸው ማኖር ይህን ያስቀራል። ላስቲኩ ራሱ አይቀባም። እስኪጠነክር ድረስ በሩን በሳሙና ማጠብም ሆነ ላዩ ላይ ነገር መለጠፍ አይገባም።

የተልባ ዘይት ወይም የዘይት ቀለም የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ አይጣልም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ በተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ምንም እሳት ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው ጣሳ ማኖር ያስፈልጋል። የተረፈው ቀለም በትንሽ ዕቃ እስከ አፉ ሞልቶ ይከደናል፤ ከላዩ አየር ባነሰ ቁጥር ቆዳ አያወጣም። የቀለሙ ቁጥርና የተቀባበት ቀን ዕቃው ላይ ከተጻፈ፣ በሩ ጫፉ ላይ ሲጫር ውሃ ሳይገባበት በዚያው ቀለም ይነካካል።