የእንግሊዝኛ ኮማ፦ ከጎንደር ሆኖ ሲታይ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዱ ኮፒ ቤት ገብታችሁ ትንሽ ብትቆዩ፣ የሚታተመው ብዙው ነገር እንግሊዝኛ ነው። ሲቪ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለቱሪስት የሚታደል ወረቀት። ቃሉም ሰዋስውም ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ኮማው ግን የአማርኛ ነው።

ኮማ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ቁራጭ» እንደማለት ነው። ጥንት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው አሪስቶፋነስ፣ አንባቢው የት ምን ያህል እንደሚያርፍ ለማሳየት ነጥቦችን ከፍና ዝቅ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ጅራታም ኮማ የተለመደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የቬኒሱ አታሚ አልዱስ ማኑቲየስ ባሳተማቸው መጻሕፍት ነው። ሥራው መጀመሪያ ለትንፋሽ ነበር ማለት ነው። እኛም ጋ ንባብ የሚዳኘው በጆሮ ነው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ለመማር ንባብ ቤት የገባ ልጅ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ፣ በእነዚህ የግእዝ ንባብ ዓይነቶች ድምፁን ሲያስተካክል ነው የሚያድገው። ስለዚህ «ትንፋሽ ሲያጥርህ ኮማ አድርግ» የሚለው ምክር ቶሎ ይገባናል። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ኮማን የሚያስቀምጠው በትንፋሽ ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ አሠራር ነው፤ አብዛኛው ስህተታችንም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በአማርኛ «መብራት ጠፋ፣ ሥራ ቆመ» ብንል ማንም አይቆጣንም። «ዘ ፓወር ዌንት አውት, ወርክ ስቶፕድ» ግን በእንግሊዝኛ ስህተት ነው፤ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገር በኮማ ብቻ አይሰፋም። ወይ ነጥብ፣ ወይ ድርብ ሰረዝ የሚመስለው ሴሚኮለን፣ ወይ ከኮማው በኋላ እንደ «አንድ»፣ «በት»፣ «ሶ» ያለ አያያዥ ይፈልጋል። «ሃውኤቨር» እዚህ ውስጥ አይገባም። ትርጉሙ «በት»ን ስለሚመስል ብዙ ሰው በኮማ ይቀጥልበታል፣ ከፊቱ ግን ነጥብ ወይም ሴሚኮለን ያስፈልገዋል።

ሌላው፣ ረዥም ባለቤት ስንጽፍ ከግሡ በፊት ኮማ እንጥላለን። «በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ግንብ፣ ዛሬም ቆሟል» ማለት ለምዶብን። እንግሊዝኛ ባለቤትንና ግሥን በአንድ ኮማ አይለያይም፣ ባለቤቱ ሁለት መስመር ቢፈጅም።

ከሁሉም የከበደው ግን «ዊች» እና «ሁ» ላይ ያለው ነው። አንድ አስጎብኚ ወዳጄ ያዘጋጀውን ወረቀት እንድመለከትለት ሰጠኝ። እንዲህ ይላል፦ «ዘ ቸርችስ ኦፍ ጎንደር, ዊች ወር በርንድ ኢን 1888, ወር ሌተር ሪቢልት»። ሊል የፈለገው በ1888፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ደርቡሾች ያቃጠሏቸው ቤተ ክርስቲያናት በኋላ ዳግም ተሠሩ ነው። ሁለቱ ኮማዎች ግን «የጎንደር ቤተ ክርስቲያናት በሙሉ ተቃጠሉ» ያሰኙታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ እኮ አልተቃጠለችም! ንቦች ጠብቀዋት ተረፈች እየተባለ ሲነገር ነው ያደግነው፣ ጣሪያዋ ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶችም ይኸው እስከ ዛሬ ወደ ታች ያያሉ። ኮማዎቹን አውጥተን «ዊች»ን በ«ዛት» ስንተካ ነገሩ ተስተካከለ፤ የተቃጠሉት ብቻ ተለይተው ቀሩ።

ወዳጄ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሳተው። አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ያመጣዋል፤ «የተቃጠሉት ቤተ ክርስቲያናት» ስንል ሁሉም ይሁኑ ከፊሎቹ በኮማ የምንለይበት መንገድ የለንም። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን ኮማዎቹ ልክ እንደ ቅንፍ ናቸው፦ በመካከላቸው ያለው ቢወጣም ስሙ ማንን እንደሚያመለክት አይለወጥም። «ማይ ብራዘር, ሁ ሊቭስ ኢን አዘዞ, ኢዝ ኤ ነርስ» ያለ ሰው አንድ ወንድም ብቻ ነው ያለው። ኮማ ካልተጠቀመ ግን ሌሎች ወንድሞችም አሉት፣ ነርሱ የአዘዞው ነው። አንዱን ኮማ ከፍቶ በሌላው ሳይዘጉ መተውም አይቻልም።

እንደ «ኢፍ» ወይም «ዌን» ባለ ቃል የሚጀምር ጥገኛ ሐረግ ሲቀድም ኮማ ይከተለዋል፤ ወደ መጨረሻ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ኮማው ይቀራል። ይሄ ቀላል ነው።

ዝርዝር ላይ፣ ከ«አንድ» ወይም ከ«ኦር» በፊት ያለው የመጨረሻ ኮማ የኦክስፎርድ ኮማ ይባላል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ይጠቀምበታል፣ ብዙ ጋዜጦች ይተዉታል። እኔ አድርጉት ነው የምለው። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይከፈልባቸውን ሥራዎች የሚዘረዝር ሕግ መጨረሻው ላይ «ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ይሁን «ማሸግ» እና «ማከፋፈል» ለየብቻ ይሁኑ አልለየም፤ ኮማዋ የለችማ። የወተት ማመላለሻ ሾፌሮች እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም፣ ስለዚህ ትርፍ ሰዓት ይከፈለን ብለው ተከራከሩ፣ በ2017፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእነሱ ወሰነ፣ በዓመቱ ኩባንያው 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ቀን ላይ ደግሞ አሜሪካና እንግሊዝ ይለያያሉ። በእኛ አቆጣጠር የ2017 ጥምቀትን በአሜሪካ አጻጻፍ ብትጽፉ «ኦን ጃንዋሪ 19, 2025, ዊ ዌንት ቱ ፋሲለደስ ባዝ» ነው፤ ሁለተኛዋን ኮማ፣ ከዓመቱ በኋላ ያለችውን፣ ብዙ ሰው ይረሳታል። በእንግሊዞቹ ግን «19 ጃንዋሪ 2025» ነው፣ በቀኑ ውስጥ ምንም ኮማ የለም። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ በእሱ ሂዱ።