ሞጁል የመጫን ፈቃድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤስኢሊኑክስ በተባለው የሊኑክስ የደህንነት መቆጣጠሪያ ፖሊሲ በሚተዳደር ሰርቨር ላይ አንድ ሰርቪስ ከኬርነል ሞጁል (በሲስተሙ እምብርት በኬርነሉ ላይ እንዳስፈላጊነቱ ከሚጨመር ኮድ) ጋር በተያያዘ ሲከለከል ክልከላዎች በሚሰፍሩበት የኦዲት ሎግ ላይ መልእክት ይመዘገባል፤ መልእክቱን ያየ አስተዳዳሪም ብዙውን ጊዜ ፈቃዱን ወደ መስጠት ይቸኩላል። ለችኮላው ምክንያት የሚሆኑት አመለካከቶች ግን ሲመረመሩ ውሃ የሚያነሱ አይደሉም።

አመለካከት፦ «የተከለከለው ሰርቪስ ሞጁል ሊጭን ሞክሯል።»

እውነታው፦ መጠየቅና መጫን የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። አንድ ሰርቪስ የአይፒቪ6 ሶኬት ሊከፍት ሲል ፕሮቶኮሉ ኬርነሉ ውስጥ ከሌለ፣ «ኔት-ፒኤፍ-10» በሚል ስም ሞጁሉን የሚያፈላልገውም ሞድፕሮብ የተባለውን የሞጁል መጫኛ ፕሮግራም አስነስቶ የሚያስጭነውም ኬርነሉ ራሱ ነው። ሞድፕሮብ የሚሠራው በራሱ ዶሜን (ኤስኢሊኑክስ ለፕሮሰስ በሚሰጠው የፈቃድ ክልል) ስለሆነ ሰርቪሱ የሞጁሉን ፋይል አይነካውም፤ በሰርቪሱ ላይ የሚፈተሸው «ሞጁል ሪኩዌስት» የተባለው የመጠየቅ ፈቃድ ብቻ ነው። እንደ ዩዴቭ (የሃርድዌር መሣሪያዎችን እንደሚያስተዳድረው ፕሮግራም) በገዛ እጁ የሚጭን ፕሮሰስ ግን «ሲስ ሞጁል» የተባለው ኬፓቢሊቲ (ከዋና አስተዳዳሪው ከሩት ሥልጣን የተከፈለ ልዩ መብት) ሊኖረው ይገባል፤ በ2016 ከወጣው ኬርነል 4.7 ጀምሮ ደግሞ የሚጫነው ፋይል የኤስኢሊኑክስ መለያ (ሌብል) አብሮ ይፈተሻል።

አመለካከት፦ «ሎጉ ላይ ሲስ ሞጁል ከታየ ሰርቪሱ ወይ ተጠልፏል፣ ወይ ፈቃዱ የግድ ያስፈልገዋል።»

እውነታው፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሩት ሥልጣን የሚሠራ ሰርቪስ በሲስተሙ ላይ የማይገኝን የኔትወርክ ኢንተርፌስ በስሙ ሲጠይቅ፣ ኬርነሉ በመጀመሪያ ከስሙ ፊት «ኔትዴቭ» የሚል ቃል ጨምሮ ሞጁል ያፈላልጋል፤ ካላገኘም በቆየ ልማድ ስሙን እንዳለ እንደ ሞጁል ስም ሊወስደው ስለሚሞክር፣ ጠያቂው ሲስ ሞጁል እንዳለው ይፈትሻል። ስለዚህ ኮንፊገሬሽን ላይ በስህተት የተጻፈ አንድ የኢንተርፌስ ስም ብቻውን ይህን አስደንጋጭ መልእክት ሊያስከትል ይችላል። መድኃኒቱም ስሙን ማረም ነው።

አመለካከት፦ «ኦዲት ቱ አላው ያወጣውን ደንብ መጫን ችግሩን ይፈታል።»

እውነታው፦ ኦዲት ቱ አላው ከሎጉ ላይ ደንብ የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ የተከለከለውን ወደ ፈቃድ ይለውጣል እንጂ ተገቢ መሆን አለመሆኑን አይመዝንም። ሞጁል በኬርነሉ ውስጥ የሚሮጥ ኮድ ስለሆነ፣ ሲስ ሞጁል የተሰጠውና ሞጁል መጫን የቻለ ሰርቪስ ኤስኢሊኑክስን ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ሞጁሉ በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ በቡት ጊዜ ሰርቪሶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ የሞጁል ጫኝ ሰርቪስ በኩል ማስጫን ይሻላል፤ ጉዳት የሌለው ክልከላ ሎጉን የሚያጨናንቅ ከሆነም ክልከላው እንዳይመዘገብ የሚያደርግ «ዶንት ኦዲት» ደንብ ይበቃል፣ ምንም እንኳ ይህ ደንብ በኋላ ስህተት ለሚያፈላልግ ሰው ምልክቱን ቢደብቅበትም።

አመለካከት፦ «በሲስተምዲ ፕሮቴክት ኬርነል ሞጁልስ ካበራሁ ሰርቪሱ ምንም ሞጁል ሊያስጭን አይችልም።»

እውነታው፦ ይህ ቅንብር ሰርቪሱ በገዛ እጁ እንዳይጭን ይከለክላል፤ ኬርነሉ በሰርቪሱ ጥያቄ የተነሳ የሚጭነውን ግን አያስቆምም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፦ በ2017 በዲሲሲፒ የኔትወርክ ፕሮቶኮል የተገኘው ሲቪኢ-2017-6074 የተባለው ክፍተት አሳሳቢ የነበረው፣ ማንም ተራ ተጠቃሚ ሶኬት በመክፈት ብቻ ሞጁሉን ማስጫን ይችል ስለነበር ጭምር ነው።

አመለካከት፦ «ብላክሊስት የተደረገ ሞጁል አይጫንም።»

እውነታው፦ ብላክሊስት (የሞድፕሮብ የክልከላ ዝርዝር) የሚከለክለው እንደ «ኔት-ፒኤፍ-10» ባለ ቅጽል ስም የሚመጣን ጭነት ነው፤ በትክክለኛ ስሙ የጠራውን ሞድፕሮብ ይጭንለታል። «ሞጁልስ ዲሴብልድ» የተባለው የኬርነል ቅንብር ወደ 1 ከተቀየረ ግን ለማንም አይጫንም፤ ሰርቨሩ ዳግም እስኪነሳ ድረስም ሩት እንኳ ወደ 0 ሊመልሰው አይችልም።