ልማድን የመቀልበስ ሥልጠና ምንድን ነው? ጥፍር መብላትን ለማቆም የሚረዳው ዘዴ

ጥፍሩን የሚበላን ሰው «ተው!» ያላለው የለም። እናት ትቆጣለች፣ መምህር ጣት ይመታል፣ ጓደኛ ያፌዛል። ሰውየው ራሱም ስንቴ ምሎ ስንቴ አፍርሷል። መሐላው የሚፈርሰው ግን ሰውየው ደካማ ስለሆነ አይደለም። እጁ ወደ አፉ የሚሄደው ሳይታወቀው ነው፤ ባልታወቀው ነገር ላይ ደግሞ መሐላውን ሊያስታውስ አይችልም። ልማድን የመቀልበስ ሥልጠና የተባለው የሥነ ልቦና ሕክምና የተነሣው ከዚህ ነው። ሰውየው መጀመሪያ እጁ የሚሄድበትን መንገድ ከመነሻው እንዲያውቅ ያደርገዋል። ከዚያም በዚያው ቅጽበት ከጥፍር መብላት ጋር አብሮ ሊሠራ የማይችል ሌላ እንቅስቃሴ ያስተምረዋል።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ናታን አዝሪን እና ግሪጎሪ ናን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው። አዝሪን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዝነኛው የባሕርይ ተመራማሪ የቢ. ኤፍ. ስኪነር ተማሪ ነበር። በመጀመሪያው ጥናታቸው 12 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከእነርሱም ጥፍር የሚበሉ፣ ጣት የሚጠቡ፣ ሽፋሽፍታቸውን የሚነቅሉ፣ ራሳቸው ወይም ትከሻቸው ያለፈቃዳቸው የሚወራጭባቸው ይገኙበታል። ሥልጠናው የተሰጠው በአንድ ቀጠሮ ብቻ ነው። የሁሉም ልማድ በመጀመሪያው ቀን ከሞላ ጎደል እንደጠፋ፣ መመሪያውን በተከተሉት 11 ሰዎች ላይም በክትትሉ ጊዜ እንዳልተመለሰ ተመራማሪዎቹ ጽፈዋል። 12 ሰው ጥቂት ነውና ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም በአንድ ቀን ይገላገላል ማለት አይቻልም። ዘዴው ግን ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ 126 ልጆች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ቱሬት ሲንድረም እና መሰል ያለፈቃድ እንቅስቃሴ ላለባቸው ልጆች በዚሁ ዘዴ ላይ የቆመ ሕክምና እንደሚረዳ አሳይቷል። ብዙ ክፍሎች የነበሩትን የመጀመሪያውን ሥልጠና በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች እነ ሬይመንድ ሚልተንበርገር እና ዳግላስ ዉድስ አሳጥረውታል፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ማስተዋል፣ ተተኪ እንቅስቃሴ እና የቅርብ ሰው ድጋፍ የሚሉትን ሦስቱን ይዞ ነው።

ከሦስቱ ክፍሎች ውስጥ ሰዎች የሚዘሉት የመጀመሪያውን፣ ማስተዋልን ነው። እኔ ግን የሥልጠናው ልብ እርሱ ነው እላለሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው።

ጥፍር መብላት ከጥርስ አይጀምርም። አንድ ወጣት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጧል እንበል። ውጤቱ እኩል ነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ዓይኑ ከስክሪኑ አይነቀልም። በዚህ መሐል የቀኝ እጁ አውራ ጣት የሌሎቹን ጣቶች ጥፍር በየተራ ይዳብሳል። የጠቋሚ ጣቱ ለስላሳ ነው፣ የመሐሉም እንዲሁ፤ የቀለበት ጣቱ ጥፍር ጥግ ላይ ግን ትንሽ ሸካራ ነገር አገኘ። አውራ ጣቱ እዚያው ላይ ይመላለሳል። ክርኑ ከጠረጴዛው ይነሣል፣ እጁ አገጩን ይነካል፣ ከንፈሩን ይነካል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥርስ የሚገባው። ሸካራው ሲነሣ ለአፍታ ደስ የሚል እፎይታ ይሰማዋል። ነገር ግን ጥርስ የቆረጠው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ስለማይቆረጥ ሌላ ሸካራ ይተዋል፤ አውራ ጣቱም እንደገና መዳበስ ይጀምራል። ወጣቱ ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ጣቱ ሲደማ።

የማስተዋል ሥልጠና ይህን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ባለሙያው ሰውየውን በመስታወት ፊት አስቀምጦ እጁን ቀስ ብሎ ወደ አፉ እንዲያነሣ፣ በየደረጃው ምን እንደሚሰማው እንዲናገር ያደርገዋል። በየትኛው እጅ ይጀምራል? የትኛው ጣት ይቀድማል? ከመንከሱ በፊት ይዳብሳል ወይስ ጥፍሩን ያያል? ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ የሚሞክርም ይህን ማድረግ ይችላል። ለአንድ ሳምንት ለማቆም ሳይታገል ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይያዝ፤ እጁ ወደ አፉ በሄደ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያደርግ የነበረውን ነገር በአንድ መስመር ይጻፍ። «ታክሲ ሰልፍ ላይ»፣ «ስልክ እያየሁ»፣ «የሒሳብ ጥያቄ አልፈታ ሲለኝ»። ብዙ ሰዎች መጻፉ ብቻ ልማዱን ሲቀንሰው ያያሉ፤ ተደብቆ ይሠራ የነበረው ነገር ተገልጧልና።

ከደብተሩ የሚወጣው ነገር ያስገርማል። ጥፍር የሚበላ ሁሉ ጭንቀታም ነው የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ተመራማሪዎቹ እነ ኪሮን ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያሉ ልማዶች ከመሰላቸት፣ ከትዕግሥት ማጣትና ነገር አልሆን ሲል ከሚመጣ ብስጭት ጋር እንደሚያያዙ ታይቷል። ሁሉን ነገር ፍጹም አድርጌ ካልሠራሁ በሚሉ ሰዎች ላይም ይታያል። የ12ኛ ክፍል ውጤቷን የምትጠብቅ ተማሪ ጥፍሯን ትበላለች፤ ምንም የሚያስጨንቅ ነገር ሳይኖርበት አሰልቺ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ የቢሮ ሠራተኛም ይበላል። ስለዚህ «አትጨነቅ» የሚለው ምክር ለሁለተኛው ሰው ምንም አይፈይድለትም።

አሁን ተተኪው እንቅስቃሴ ይመጣል። ለጥፍር መብላት አዝሪንና ናን የመረጡት እጅን መጨበጥ ወይም አንድ ነገር አጥብቆ መያዝ ነው። ጥሩ ተተኪ ጣቶቹን ወደ አፍ እንዳይሄዱ የሚይዝ፣ ሰው ፊት ሲያደርጉት የማያሳፍር፣ ሌላ ሥራ የማያስቆም መሆን አለበት። አውራ ጣትን በአራቱ ጣቶች ውስጥ ሸሽጎ መጨበጥ በቂ ነው፤ እጁ ጭን ላይ ወይም ነጠላ ሥር ቢሆን ማንም አያየውም። የሚያሽከረክር ሰው መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፣ ተማሪ እስክሪብቶውን። መቁጠሪያ ወይም ሙስበሃ ከእጃቸው የማይለይ ሰዎች ደግሞ ተተኪው ቀድሞውንም እጃቸው ላይ አለ። በመጀመሪያው ሥልጠና ጭብጡ ሦስት ደቂቃ ይቆይ ነበር፤ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ያዝዛሉ።

ወሳኙ ሰዓቱ ነው። መጨበጥ ያለበት ጥፍር ከተነከሰ በኋላ ሳይሆን አውራ ጣቱ ሸካራውን ባገኘበት፣ ክርን በተነሣበት ጊዜ ነው። ቢያመልጠውና ቢነክስም እዚያው አቁሞ ይጨብጥ። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ፍላጎቱ መጀመሪያ ይበረታል፤ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው። ደቂቃው ከታለፈ ግን ይላላል። ይህ ሲደጋገም አካል አንድ ነገር ይማራል፤ ሸካራው ሳይነቀልም ስሜቱ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚሠሩት ስቴፈን ሞሪትስ እና ባልደረቦቻቸው ለጥፍር መብላት ሌላ መንገድ ሞክረዋል። እጁ ወደ አፍ ጉዞውን ይጀምር ይላሉ፤ ሊደርስ ሲል ግን በፍጥነት አቅጣጫ ቀይሮ ለምሳሌ የጆሮን ጫፍ ይንካ። መጨበጥ አልሆነልኝ ያለ ሰው ይህን ቢሞክር መልካም ነው። ከዚሁ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነገር ፈትኗል፤ የጣት ጫፎችን፣ መዳፍን ወይም የክንድን ጀርባ በቀስታ መዳበስ። በጥናቱ ከተሳተፉት 268 ሰዎች መካከል ይህን ካደረጉት 53 በመቶው መሻሻል ሲያሳዩ፣ ዘዴውን ገና ሳይጀምሩ ተራ ከሚጠብቁት 20 በመቶው ነው የተሻሻሉት። ይበልጥ የተጠቀሙትም ጥፍር የሚበሉት ናቸው። እንግዲህ ከተጠቀሙት ጎን ያልተጠቀሙ ብዙ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ያልሠራለት ሰው ሌላውን ይሞክር እንጂ በራሱ ተስፋ አይቁረጥ።

ሚጥሚጣውና ቁንጥጫውስ? በቤታችን የተለመደው መድኃኒት ቅጣት ነው፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ልጅ ጣቱን ሚጥሚጣ ተቀብቶ ዓይኑን ሲያሽ የሚደርስበትን ስቃይ ማንም ያውቀዋል። የቆሰለ ጣት ላይ ሲደረግ ደግሞ ይብሳል። እንግዳ ፊት «እጅህን ከአፍህ አውጣ!» ተብሎ የተጮኸበት ልጅ ልማዱን አይተውም፤ ተደብቆ መብላት ይማራል፣ ኀፍረቱም ራሱ አንድ ተጨማሪ መነሻ ይሆንለታል። መራራ ነገር መቀባት የተለየ ጉዳይ ነው። እናቶች ጡት ለማስጣል የሚጠቀሙበትን ሬት ጣት ላይ የሚቀቡ አሉ። በፋርማሲ የሚሸጡ መራራ የጥፍር ቀለሞችም አሉ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዴናቶኒየም ቤንዞኤት እ.ኤ.አ. በ1958 በስኮትላንድ የማደንዘዣ መድኃኒት ሲፈለግ የተገኘ፣ እስካሁን ከሚታወቁት እጅግ መራራ ነገሮች አንዱ ነው። ምሬቱ የሚጠቅመው «እጅህ አፍህ ውስጥ ነው» ብሎ ስለሚያነቃ ነው። ከማስተዋሉና ከጭብጡ ጋር ሲሆን ይረዳል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ምላስ ይለምደዋል ወይም ሰው ታጥቦት ይቀጥላል።

የቅርብ ሰው ድጋፍ የተባለው የቅጣት ተቃራኒ ነው። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ ሁለት ጓደኛሞች አስቀድመው በአንድ ምልክት ይስማማሉ፤ ትከሻን በቀስታ መንካት ይበቃል። ሰው ፊት ስም አይጠራም። ማመስገንም የሥልጠናው አካል ነው። «ዛሬ ጨዋታውን ሙሉ እጅህ ጭንህ ላይ ነበር፣ ጎበዝ» ያለች እኅት ከአሥር ተግሣጽ የበለጠ ሠርታለች።

አዝሪንና ናን ሰዎቹ ልማዱ ያመጣባቸውን ጣጣ እንዲዘረዝሩም ያደርጉ ነበር። በእኛ ማዕድ ይህ ዝርዝር ቶሎ ይሞላል። በእጃችን ነው የምንበላው፤ በርበሬ ያለበት ወጥ የተላጠ ጣት ጫፍ ላይ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ በዚያ እጅ ለሌላ ሰው ማጉረስ ምን ያህል እንደሚያሳቅቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ሙሽሮች የቀለበት ፎቶግራፍ ሲነሡ ጣታቸውን አጥፈው የሚደብቁም አሉ። በጤና በኩል ደግሞ በጥፍር ሥር የሚያድሩ የአንጀት ትላትል እንቁላሎች ወደ አፍ ይገባሉ፤ መድኃኒት የወሰደ ልጅ መልሶ የሚያዝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የጣት ኪንታሮት ወደ ከንፈር ይሻገራል፣ የጥፍር ዙሪያ ያመረቅዛል፣ የፊት ጥርስ ጠርዝ ይሸረፋል።

ሸካራው ከሌለ ፍለጋው ይቀንሳልና ጥፍር መቁረጫና ትንሽ የጥፍር ሞረድ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይኑሩ፤ ማታ ማታ የጥፍር ዙሪያን ቫዝሊን መቀባት የሚላጠውን ቆዳ ያለሰልሳል። አሥሩንም ጣት በአንድ ጊዜ መተው የከበደው ሰው በአውራ ጣቶቹ ብቻ ይጀምር፤ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚም እንዲህ ደረጃ በደረጃ መሄድን ይመክራል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት ጣቱን አይቶ «ምንም ለውጥ የለም» የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ለውጡን ደብተሩ ላይ ይፈልገው። ፈተና ወይም ሐዘን ሲመጣ ልማዱ ብቅ ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ ደብተሩንና ጭብጡን ለጥቂት ቀናት መመለስ ነው።

ትንንሽ ልጆች ሥልጠናውን በራሳቸው ሊከተሉ አይችሉም። ለእነርሱ ጥፍራቸውን አሳጥሮ መቁረጥ፣ እጃቸውን በጨዋታ መያዝና አለመቆጣት ይሻላል፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዉታል። ጣቱ ካበጠና ከመገለ፣ መቅላቱ ወደ እጅ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ሰውየው እየደማም ማቆም ካቃተው፣ ልማዱ ሥራውንና ግንኙነቱን ካወከ፣ ወይም ከከባድ ጭንቀትና ድባቴ ጋር ከመጣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይይ። ይህን መሳይ ልማድ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ከኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ (ሰው ሊገታው በማይችል ተደጋጋሚ ሐሳብና ድርጊት ከሚታወቀው ሕመም) ጋር ከሚዛመዱ ሕመሞች ወገን መድቦታል፤ ስለዚህ «ጥፍሬን መተው አቃተኝ» ብሎ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም።