የካንዴላ ገመድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ማርቆስ ላይ መኪና ስጠግን፣ የዓባይን በረሃ ወጥተው «ዳገቱን እምቢ አለኝ» የሚሉ ሾፌሮች ይመጡብኛል። ካርቡሬተር አሳጥበዋል፣ አዲስ ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አስገብተዋል። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ገመድ ግን መኪናው ሲገዛ የነበረው ነው። ይህን የምጽፈው እንደ ዲኤክስ ያለ፣ ዲስትሪቢውተር (ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል) ያለው የቆየ ቶዮታ ለምትነዱ ነው።

«ሜዳ ላይ ካልቆራረጠ ገመዱ ደህና ነው»

አይደለም። ቤንዚን ረግጠን ዳገት ስንወጣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየርና ነዳጅ ይበዛል፤ እዚያ ውስጥ እሳት እንዲዘል ከፍ ያለ ቮልት ያስፈልጋል። ያረጀ ገመድ ይህን አይችልም፤ ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በደከመው የገመዱ ጎማ ሾልኮ ሞተሩ አካል ላይ ያልቃል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ደግሞ ሽቅቡ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ኤሌክትሪኩም በቀላሉ ያመልጣል። ከፍታ በራሱ የሞተርን አቅም እንደሚቀንስ አልክድም። ግን እንደዚያ ሲሆን ሞተሩ ይደክማል እንጂ እየቆራረጠ አያንገጫግጭም።

አንድ ምሽት ሞተሩ እየሠራ መብራት አጥፍቼ ኮፈን ከፈትኩ። ሦስተኛው ገመድ ከሞተሩ ክዳን ጋር በተነካካበት ቦታ ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ ጠ ጠ ጠ እያለ ይዘል ነበር። ያንኑ ገመድ ቀን ላይ አገላብጬ አይቼ ምንም አላገኘሁበትም ነበር። እናንተም በጨለማ ሞክሩት፤ እጃችሁን ግን አታስጠጉ፣ ከ10,000 ቮልት በላይ ነው።

«ላዩ ካልተሰነጠቀ ውስጡም ጤነኛ ነው»

የብዙው ገመድ ውስጥ መዳብ ሳይሆን ካርቦን ነው፤ በሙቀትና በመጎተት ይበጠሳል። ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ (በኦም) በቴስተር ይለካ። ለብዙዎቹ የቆዩ ቶዮታዎች ጣሪያው በአንድ ገመድ 25 ኪሎ ኦም ነው። አንዱ ካለፈ አራቱንም ቀይሩ፤ አብረው ነው ያረጁት።

«በጨርቅ ስወለውለው ሞተሩ ስለተነሳ ገመዱ ምንም አልሆነም»

በሐምሌ ጠዋት ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። ጤነኛ ገመድ በጤዛ አይሸነፍም። እርጥበቱ ስንጥቁን አሳያችሁ እንጂ አልፈጠረውም።

«የቤት መብራት ሽቦም ይሠራል»

በፍጹም። ልባሱ ይህን ያህል ቮልት እንዲይዝ አልተሠራም።

«የሞተውን ሲሊንደር ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ ገመድ መንቀል ነው»

ልማዱ በየጋራዡ አለ፤ እንድንተወው እለምናለሁ። መሄጃ ያጣው ኤሌክትሪክ ኮይሉን (ከፍተኛውን ቮልት የሚፈጥረውን) ከውስጥ ሊበሳው ይችላል፣ የነቀለውንም ሰው ይመታል።

«ሁሉንም ነቅሎ መግጠም ይፈጥናል»

እሳቱ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄደው በ1-3-4-2 ተራ ነው፤ ሁለት ገመድ ከተቀያየረ ሞተሩ ወይ አይነሳም፣ ወይ ወደ ኋላ ይተኩሳል። አንዱን ነቅላችሁ አዲሱን በቦታው ሳትገጥሙ ሌላውን አትንኩ። ስትነቅሉም ገመዱ ጫፍ ላይ ያለውን ጎማ ያዙና ግራ ቀኝ አዙሩት እንጂ ገመዱን አትጎትቱ። አዲሱን ደግሞ ካንዴላው ላይ ቀጭ ብሎ እስኪገባ ግፉት።