ያልተከፈተ ቴሌቪዥን ላይሰንስ ይፈልጋል? በብሪታንያ ስለ ቲቪ ላይሰንስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በብሪታንያ በምንኖር ሐበሾች መካከል ስለ ቲቪ ላይሰንስ፣ ማለትም ቴሌቪዥንን በቀጥታ ስርጭት ለማየት በየዓመቱ ስለሚከፈልበት ፈቃድ፣ የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ "ቲቪ ቤትህ ካለ ትከፍላለህ፣ አለቀ" ይላል። ሌላው "የእኛን ቻናል ብቻ ካየህ አይመለከትህም" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መዘዙ ደግሞ ቀላል አይደለም። አንዳንዱ መክፈል የሌለበትን ገንዘብ በፍርሃት ይከፍላል። ሌላው ነጻ ነኝ ብሎ ተዘናግቶ የፍርድ ቤት ወረቀት ይደርሰዋል። በተለይ ገና የመጡ ሰዎች፣ እንግሊዝኛው ያልገባቸው እናቶች፣ ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በበሩ ቀዳዳ ሲገባ እንዴት እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ገንዘቡም ትንሽ አይደለም፤ ኤፕሪል 2025 ላይ የዓመቱ ክፍያ 174.50 ፓውንድ ገብቷል። ዋጋው የሚከለሰው በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

"ቲቪው ቤት ውስጥ ካለ፣ ባይከፈትም ላይሰንስ ያስፈልገዋል"

አያስፈልገውም። ጉዳዩን የሚገዛው የ2003ቱ የኮሙዩኒኬሽን ሕግ ነው፤ አንቀጽ 363። ሕጉ የሚከለክለው ቴሌቪዥን ይዞ መገኘትን አይደለም። ያለ ላይሰንስ የቴሌቪዥን መቀበያን መግጠም ወይም መጠቀምን ነው። መቀበያ የሚባለው ደግሞ ፕሮግራም በሚተላለፍበት ሰዓት ለመቀበል የተገጠመ ወይም የዋለ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ቲቪ ላይሰንስ አይጠየቅበትም። የተበላሸውም፣ ስቶር ውስጥ አቧራ የለበሰውም እንደዚያው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለዲቪዲ፣ ለልጆች ጌም፣ ለኮምፒውተር ስክሪንነት ወይም ለበር ካሜራ ብቻ የሚያገለግለውም ቢሆን ነጻ ነው።

እዚህ ጋ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሕጉ "መጠቀም" ብቻ አላለም፤ "መግጠም"ም ብሏል። የአንቴናው ገመድ ተሰክቶ፣ ቻናሎቹ ተሞልተው፣ ሪሞቱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ "አንከፍተውም" ማለት ብዙ አያስኬድም። ቲቪው ለመቀበል ተዘጋጅቶ ተገጥሟልና። ከዚያም አልፎ ያው አንቀጽ ሌላ ነገር ይዟል። መሣሪያው በእጁ ያለ ሰው ያለ ላይሰንስ ሊጠቀምበት ካሰበ፣ ወይም ሌላ ሰው እንደዚያ ሊያደርግ መሆኑን እያወቀ ከያዘው፣ ይህም ጥፋት ነው። ለምሳሌ የቤቱ ባለቤት ቲቪ አያይም፤ ግን አብሮት የሚኖረው የወንድሙ ልጅ ማታ ማታ ኳስ በቀጥታ እንደሚያይበት ያውቃል። "እኔ አላየሁም" ማለቱ ብቻውን አያድነውም።

ስለዚህ ምክሬ ቀላል ነው። ቲቪውን በቀጥታ ስርጭት የማታዩበት ከሆነ የአንቴናውን ወይም የዲሹን ገመድ ንቀሉት። የተሞሉትን ቻናሎች አጥፏቸው። ስማርት ቲቪ ከሆነ ከቢቢሲ አይፕሌየር (የቢቢሲ ፕሮግራሞች በኢንተርኔት ከሚታዩበት አፕ) ውጡ። ሕጉ እንዲህ አድርጉ ብሎ አያስገድድም። ግን ጥያቄ ቢነሳ፣ እውነቱ ዓይን ላይ ይታያል።

ይህ የተሳሳተ እምነት ከየት መጣ? ሁለት ምንጭ ይታየኛል። አንዱ ድሮ ቲቪ ሲገዛ የነበረው አሠራር ነው። በ1967 በወጣ ሕግ፣ ቲቪ የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሱቅ የገዢውን ስምና አድራሻ ለላይሰንስ ክፍሉ ማሳወቅ ነበረበት። ስሙን እየሰጠ ቲቪ የገዛ ሰው ሁሉ "ስለያዝኩት ነው የምከፍለው" ቢል አይፈረድበትም። ያ ግዴታ በጁን 2013 ቀርቷል።

ሁለተኛው ምንጭ ጎረቤት አገር ነው። በአየርላንድ ሪፐብሊክ ቲቪ ቤት ውስጥ መኖሩ ብቻ ያስከፍላል፤ ባይከፈትም፣ ተበላሽቶ ቢቀመጥም። ክፍያው በዓመት 160 ዩሮ ነው። ጀርመን ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ቲቪ ኖረም አልኖረም ክፍያው በቤት ነው። ደብሊን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ዘመድ ስልክ ደውሎ "መክፈል አለብህ" ቢል አልዋሸም፤ የራሱን አገር ሕግ ነው የነገረን። ለንደን፣ ማንቸስተር፣ ካርዲፍ፣ ግላስጎው እና ቤልፋስት የሚሠራው ግን የብሪታንያው ሕግ ነው።

"የኢትዮጵያን ቻናል ብቻ ነው የማየው፤ ቢቢሲን ከፍቼ አላውቅም"

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችንን የሚያሳስታቸው እሱ ነውና። ገንዘቡ በዋናነት ወደ ቢቢሲ ስለሚሄድ፣ ቢቢሲን ካላየሁ አይመለከተኝም ማለት ምክንያታዊ ይመስላል። ሕጉ ግን የሚጠይቀው የማንን ቻናል እንዳያችሁ አይደለም። በሚተላለፍበት ሰዓት ማየታችሁን ነው። ቻናሉ ከአዲስ አበባ ይተላለፍ፣ ከዶሃ፣ ከዋሽንግተን፣ ለውጥ የለውም። በዲሽ ይምጣ፣ በኢንተርኔት ሳጥን ይምጣ፣ በስልክ አፕ ይምጣ፣ አንድ ነው። እየተላለፈ ያለውን መቅዳትም እንደ ማየት ይቆጠራል። በኢንተርኔት ሲመጣ ትንሽ ሰከንድ መዘግየቱም አያድንም፤ ሕጉ "በዚያው ሰዓት ወይም እጅግ በተቀራረበ ሰዓት" የሚል ነው።

ዩቲዩብ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። የቲቪ ጣቢያው የማታውን ዜና ሲያስተላልፍ በዩቲዩብ ላይቭ ከተከታተላችሁ ላይሰንስ ያስፈልጋል። ያንኑ ዜና በነጋታው ከተጫነ በኋላ ብታዩት አያስፈልግም። ስለ ድራማም እንደዚሁ ነው፤ ክፍሉ ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ ከጠበቃችሁ ነጻ ናችሁ። የደብራችሁ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን በራሱ የዩቲዩብ ገጽ በቀጥታ ቢያስተላልፍስ? ያ በመሠረቱ የቲቪ ጣቢያ ስርጭት አይደለም፤ ላይሰንስ አይጠየቅበትም። የትንሣኤን ሌሊት በቲቪ ጣቢያ ቀጥታ ስርጭት ከተከታተላችሁ ግን ያስፈልጋል። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ቢሆንም እናትና አባት በስንት ልፋት ያስተከሉት ዲሽ ቤት ውስጥ ካለ፣ ቀጥታ ስርጭት ማየታቸው አይቀርምና ላይሰንሱን ማውጣት ይሻላል።

"ቲቪ የለኝም፤ በስልኬ ነው የማየው"

መሣሪያው ለውጥ አያመጣም። ስልክ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 ወዲህ በቢቢሲ አይፕሌየር ማንኛውንም የቢቢሲ ፕሮግራም ማየት ወይም ማውረድ ላይሰንስ ይፈልጋል፤ ካለፈው ሳምንት የነበረ እንኳ ቢሆን። ኔትፍሊክስ ላይ የተጫነ ፊልም፣ በአይቲቪ ኤክስ ወይም በቻናል 4 አፕ ያለፈ ፕሮግራም መርጦ ማየት ግን አይፈልግም። በእነዚሁ አፖች የሚተላለፍ ቀጥታ ስርጭት ካያችሁ፣ ለምሳሌ ኳስ፣ እንደገና ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ጥሩ ነገር አለች። የቤታችሁ ላይሰንስ ከቤት ስትወጡም ይከተላችኋል። ቅድመ ሁኔታው መሣሪያው በራሱ ባትሪ ብቻ የሚሠራ ሆኖ፣ ከሶኬትም ከአንቴናም ጋር ያልተያያዘ መሆኑ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሌላ ከተማ የሚኖር ልጅ የወላጆቹ ቤት ላይሰንስ ካለው፣ በዚህ መንገድ በላፕቶፑ ማየት ይችላል። ቻርጀሩን ሰክቶ ሲያይ ግን ሽፋኑ ይቀራል። የሚገርም ደንብ ነው፤ ግን ያለው እንዲህ ነው።

"ሰውየው በር ካንኳኳ የመግባት መብት አለው"

የለውም። በር የሚያንኳኳው የላይሰንስ መርማሪ ፖሊስ አይደለም። ቢቢሲ ሥራውን የሰጠው ኩባንያ ሠራተኛ ነው። ያለ ፈቃዳችሁ ደጃፉን ማለፍ አይችልም። "አይሆንም፣ አመሰግናለሁ" ብላችሁ በሩን ብትዘጉ ጥፋት አይደለም። ጥያቄውን የመመለስ ግዴታም የለባችሁም። ሊያስገድድ የሚችለው የብርበራ ትእዛዝ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ለዚያም በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት።

ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ከሚከሰሱት ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ቀን ቤት ውስጥ ስለሚገኙ በር የሚከፍቱት እነሱ መሆናቸው ነው። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ፣ በማታውቀው ቋንቋ ተጠይቃ፣ ያልገባትን ወረቀት ስትፈርም አስቡት። ያ ወረቀት ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ያልገባችሁን አትፈርሙ። ስትጠየቁ ደግሞ አትዋሹ፤ ዝም ማለት መብት ነው፣ መዋሸት ግን ችግር ይጨምራል። ቤት የሚውሉ ዘመዶቻችሁን ይህን ዛሬውኑ ንገሯቸው።

"ደብዳቤውን ዝም ካልኩት ይቀራል"

የቱን ደብዳቤ? ሁለት ዓይነት አለ፤ አደጋው ያለው እነሱን ከማምታታት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ላይሰንሱን ከሚያስተዳድረው ክፍል፣ ከቲቪ ላይሰንሲንግ፣ የሚመጣው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም፤ "ለቤቱ ሕጋዊ ነዋሪ" ይላል። ላይሰንስ ለሌለው አድራሻ ሁሉ ይላካል። አነጋገሩ ያስፈራል እንጂ ክስ አይደለም። የማታዩ ከሆነ ላይሰንስ እንደማያስፈልጋችሁ በድረ ገጻቸው ማሳወቅ ትችላላችሁ። የሕግ ግዴታ አይደለም፤ ግን ደብዳቤው ለጊዜው ጋብ ይላል። እውነት መሆኑን ለማጣራት ሰው ሊልኩ ይችላሉ፤ ያኔም ከላይ ያልኩት መብት እንዳለ ነው። ቤት ስትቀይሩ ደግሞ ላይሰንሱ በራሱ ተከትሏችሁ አይመጣም፤ አድራሻውን አስቀይሩ።

ሁለተኛው በስማችሁ የሚመጣ የፍርድ ቤት ወረቀት ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ጉዳዩ በአንድ ዳኛ፣ ተከሳሽ ሳይቀርብ፣ በወረቀት ብቻ ሊታይ ይችላል። መልስ ለመስጠት 21 ቀን ይሰጣል። ዝም ካላችሁ በሌላችሁበት ይወሰናል። ይህን ወረቀት በፍጹም መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በዚያው ቀን የሚያነብላችሁን ሰው ፈልጉ፤ ነጻ ምክር የሚሰጠው ሲቲዝንስ አድቫይስም አለ። የገንዘብ ችግር፣ ሕመም፣ ከባድ ሁኔታ ካለ የሚጻፈው እዚያ መልስ ላይ ነው።

"ካልከፈልኩ እታሰራለሁ"

ለጥፋቱ የተቀመጠው የገንዘብ ቅጣት ነው፤ ጣሪያው 1,000 ፓውንድ ነው። የፍርድ ቤት ወጪ ይጨመርበታል። ለጥፋቱ ራሱ እስር የለም። እስር ሊመጣ የሚችለው የተወሰነበትን ቅጣት መክፈል እየቻለ እምቢ ላለ ሰው ነው። ቢሆንም የወንጀል ፍርድ ነውና ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የዜግነት ማመልከቻ ስለ ፍርድ ቤት ቅጣት ሲጠይቅ በእውነት መመለስ ግድ ነው።

ስለ ዕድሜ፣ ስለ ክፍል እና ስለ ሬዲዮ

"75 ዓመት የሞላው ሁሉ ነጻ ነው" የሚባለው ድሮ ነበር። ከኦገስት 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነጻ የሚሆነው 75 ሞልቶት ፔንሽን ክሬዲት (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ጡረተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) የሚያገኝ፣ ወይም የሚያገኝ የትዳር ጓደኛ አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ደግሞ ግማሹን ብቻ ይከፍላል፤ ይህን ቅናሽ ሳይጠይቁ የቀሩ አሉና ጠይቁ።

አንድ ቤት ውስጥ አምስት ቲቪ ቢኖር አንድ ላይሰንስ ይበቃል። በጋራ የተፈረመ አንድ የኪራይ ውል ያላቸው ጓደኞችም በአንድ ይኖራሉ። እያንዳንዱ ለክፍሉ የራሱ ውል ካለው ግን በየክፍሉ ሊያስፈልግ ይችላል። ሬዲዮ ለማዳመጥ ከ1971 ወዲህ ላይሰንስ የለም።

"አንዴ ከከፈልኩ ማቋረጥ አልችልም"

ትችላላችሁ። ቀጥታ ስርጭትና አይፕሌየር ማየት ካቆማችሁ ላይሰንሱን ሰርዛችሁ፣ ላልተጠቀማችሁባቸው ሙሉ ወራት ገንዘባችሁን መልሱልኝ ማለት ትችላላችሁ። ባንክ ሄዳችሁ ዳይሬክት ዴቢቱን (ከሂሳባችሁ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ) ብቻ ከማቋረጣችሁ በፊት ግን ለእነሱ አሳውቁ፤ አለበለዚያ ክፍያ እንዳመለጣችሁ ተቆጥሮ ደብዳቤው ይጎርፋል። "ላይሰንስዎ አልቋል፣ እዚህ ተጫኑ" እያለ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ኢሜይል ሲመጣም አትንኩት። ብዙ ጊዜ የአጭበርባሪ ነው። ትክክለኛው ኢሜይል ስማችሁን ወይም የፖስት ኮዳችሁን ከፊል ይዞ ይመጣል፤ ከተጠራጠራችሁ ድረ ገጹን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡና አካውንታችሁን ተመልከቱ።