«መጀመሪያ ዲሰርቴሽንህን ጨርስ» የሚሉ አማካሪዎች የሚስቱት ነገር

በማኅበራዊ ሳይንስ የፒኤችዲ ተማሪ የሚያማክሩ ባልደረቦቼ አፍ ላይ የማይጠፋ መልስ አለ። ተማሪው ስለ ወደፊት ሥራው ሲጠይቅ «መጀመሪያ ዲሰርቴሽንህን (የመመረቂያ ጽሑፍህን) ጨርስ፣ ሌላው ይደረስበታል» ይሉታል። መስማቱ ሰልችቶኛል፤ ምክንያቱም አይደረስበትም።

አንድ ጽሑፍ ደህና ጆርናል ላይ ተልኮ፣ ገምጋሚ አይቶት፣ ታርሞ እስኪወጣ ዓመት ቢያልፍ ብርቅ አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ደግሞ ሥራውን ቀደም ብሎ የሚያውቅ መሆን አለበት። ይሄን ሁሉ ከዲፌንስ፣ ማለትም ዲሰርቴሽኑን በፈታኞች ፊት ካቀረበ፣ በኋላ የጀመረ ተማሪ ዲግሪውን ይዞ ግራ ይጋባል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

አንዲት ተማሪዬ ሲቪዋን አሳየችኝ። የዓመታት ድካሟ በአንዲት መስመር አልቋል፦ «የፒኤችዲ እጩ»። ይቺ ልጅ የቤት ለቤት መጠይቅ አዘጋጅታ ኮቦ ቱልቦክስ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ላይ ጭናለች፣ መረጃ ሰብሳቢዎች አሠልጥናለች፣ ከቀበሌ ፈቃድ አውጥታለች፣ ቃለ መጠይቆቿን ከኦሮምኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ኤንቪቮ በሚባለው የጽሑፍ መረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ተንትናለች። ቀጣሪ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው! ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ጻፍነው። እስከዚያ ቀን እንዲህ ጻፊው ያላት ሰው አልነበረም።

«እሱ እኮ ከክልል ዩኒቨርሲቲ ተልኮ የመጣ ነው፣ ሥራ አለው፣ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» ይሄኛው የባልደረቦቼ መልስ ይብሳል። አዎ፣ ተመልሶ ሊያገለግል ውል ፈርሟል። ግን ሲመለስ የማስተማር ሎዱ ይጠብቀዋል፣ የማስተርስ ተማሪዎች ይመደቡለታል፣ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ደግሞ ኅትመት ይጠየቃል። የትኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ወደ ጆርናል ጽሑፍ እንደሚቀየር ቀድሞ ያወያየው ከሌለ ዲሰርቴሽኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

«ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ሥራ የገባ ባከነ» የሚባለው ውሸት ነው። «ጎበዝ ተማሪ መንገዱን ራሱ ያገኛል» የሚሉትም እንደዚያው፤ እንዲያውም ጎበዙ ነው ለመጠየቅ የሚያፍረው።

ሁሉንም አንድ አማካሪ ይችላል የሚለውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ካርታ (CARTA) የተባለው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ጥምረት የፒኤችዲ ተማሪዎቹን ከየአገሩ እየሰበሰበ በጋራ ሴሚናር ያሠለጥናቸዋል። እኛ ቢያንስ ተማሪያችንን ከሌላ ትምህርት ክፍል ሰው ጋር ማስተዋወቅ አያቅተንም።

ባልደረቦቼ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ በየሴሚስተሩ አንዷን ቀጠሮ ምዕራፍ ሳታነሱ ለተማሪው የወደፊት ሥራ ብቻ ስጧት። ተማሪው ከመምጣቱ በፊት ኢማጂን ፒኤችዲን ይሞክር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሥነ ሰብ ተማሪዎች የወጣ ነፃ የኦንላይን መሣሪያ ነው፣ ክህሎቱንና ፍላጎቱን ያስለየዋል። ምሳሌዎቹ ወደ አሜሪካ ያደላሉ፤ ወደ እኛ አገር የሥራ ገበያ መመለሱ ግን የእናንተ ሥራ ነው። ሲቪውንም ይዞ ይምጣ።