«1.5 ዲግሪ» ሲባል የምን ዲግሪ ነው?
ጅማ ላይ በጠዋትና በከሰዓት መካከል ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት ስለሚታይ፣ «1.5 ዲግሪ ቢጨምር ምን ይመጣል?» የሚል ብዙ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አገሮች የአየር ንብረት ለውጥን ለመግታት በተስማሙበት የፓሪስ ስምምነት እንደ ገደብ የሰፈረው ይህ ቁጥር ግን የአንድ ቀን ወይም የአንድ ከተማ ሙቀት አይደለም፤ የመላዋ ምድር አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ከነበረው የጨመረበት መጠን ነው። የሚታየውም የ20 ዓመት ግድም አማካይ ስለሆነ፣ 2024 ብቻውን 1.5ን ማለፉ ገደቡ ተጥሷል አያሰኝም። (ደህና ነን ማለትም አይደለም።) የምድር ሙቀት የሚጨምርበት ዋናው መንስኤ ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የደን ምንጣሮም ያግዘዋል።

ጭማሪው ትንሽ ቢመስልም ቡናን ይነካል፤ ለአረቢካ ቡና የሚስማማው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ፍሬው በደንብ ሳይሞላ ቶሎ ይቀላል፤ ፍሬ የሚበሳው ጥንዚዛም ቶሎ ቶሎ ይባዛል። ከቡናው በላይ ዋንዛና ብሳና ካሉ የቀትሩ ሙቀት ይቀንሳል፤ ጥላው ከበዛ ግን አበባው ያንሳል፣ ስለዚህ ቅርንጫፉን ማሳሳት እንጂ ዛፉን መቁረጥ አያስፈልግም።